ነጥብ የጎደለው ሰዓት

ሰው እጁ ላይ የሌለ ሰዓት ለማየት ክንዱን ቢያነሣ አንዴ ነው፣ ቢበዛ ሁለቴ፤ ከዚያ በራሱ ይስቅና ይተወዋል። ዓሣው ግን ባዶ አንጓቸውን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያዩ ይውሉ ነበር። ያያሉ፣ ይደነግጣሉ፣ «ሰዓቴስ? ስንት ቆየሁ? ማነው የወሰደብኝ?» ይላሉ። ከዚያ ጩኸት ነው፤ ከጩኸቱ ቀጥሎ እጃቸው የገባውን ሁሉ መወርወር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወደብ ላይ የመርከብ ሆድ ሲፍቁና የሰመጠ ሲያወጡ የኖሩ ጠላቂ ናቸው፤ «ዓሣው» የሚለውንም ስም ያወጡላቸው የወደቡ ሰዎች ናቸው። አሁን የመርሳት በሽታ ይዟቸው ልጃቸው ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠዋል። እሳቸው ግን ቤት ውስጥ ያሉ አይመስላቸውም። ባሕር ሥር ናቸው፤ ሰዓት የላቸውም፤ አየራቸው መቼ እንደሚያልቅ፣ መቼ መውጣት እንዳለባቸው አያውቁም። እስቲ አስቡት፣ በየቀኑ ከእንቅልፍ እየነቁ መስመጥ።

ልጃቸው ትልቅ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች፤ ሠፈሩም «ተኳሿ» ነው የሚላት። ጠመንጃ ያላት የሚመስለው እንግዳ ሲያጋጥማት «አዎ፣ ራቅ ብለህ ቁም» ትለዋለች። ድሮ ቀልድ አይጠፋባትም ነበር። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ በዚህ ምድር ላይ የእኔ የምትለው አባቷን ነው። እሷ ሥራ ስትውል የወንድሟ ሚስት እየመጣች ትጠብቃቸዋለች፤ አፏ ቢበዛም እጇ ደግ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ዓሣው «ሰዓቴን የሰረቅሽኝ አንቺ ነሽ» ብለው ብርጭቆ ወርውረው ቅንድቧን ፈነከቷት።

ወንድሟ የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ መጣ። ሹፌር ነው፤ ተቀምጦ እንኳ የሚቸኩል ሰው። የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ አላስቀመጠም።

«በቃ» አለ። «እስከዚህ ወር መጨረሻ ነው የምታገሠው። መጦሪያው ቦታ አለኝ ብሏል።»

«አክስታችን የሞተችበት?»

«ሌላ የት አለ?»

«እዚያ እኮ ያስሯቸዋል፣ ወንድም ጋሼ! አብረን አይተናል። ከአልጋው ጋር በአንሶላ ነው የሚያስሯቸው።»

«እና ሚስቴን ይግደሏት? እሷ ካልመጣች አንቺስ ብትሆኚ ቆልፈሽባቸው አይደል የምትሄጂው? አባትሽን ውደጂ፣ ማን ከለከለሽ፤ በሰው ቅንድብ ግን አይሆንም።»

እውነቱን ነው። አክስቷ የታሰረችበት አንሶላ ግን ዐይኗ ላይ መጣ። አንሶላ ሥራዋ ነው፤ ያኛው እንኳን ሊተኮስ በቅጡ ያልታጠበ ነበር። አባቷ እዚያ ታስረው፣ ባዶ አንጓቸውን ለማየት እጃቸውን ሊያነሡ ሲታገሉ ታያት። ስታለቅስ አደረች።

በማግስቱ ከመንገድ ላይ የፕላስቲክ ሰዓት ገዝታ አሰረችላቸው። ዓሣው አገላብጠው አዩት። «ይህን የልጅ መጫወቻ አምኜ ልጥለቅ? ልትገድሉኝ ነው?» አሉና በመስኮት ለቀቁት። ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሰዓት አይደለም የፈለጉት፤ ሰዓታቸውን ነው። የሥራ ሰዓታቸውን ደግሞ ጡረታ የወጡ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ንብረቴ ነው ብሎ ከእጃቸው አስፈትቶ ወስዶባቸዋል። የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው፤ ዓሣው በጥቁር የጎማ ልብስ የወደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ፣ ግራ እጃቸው ላይ ፊቱ ጥቁር የሆነ ወፍራም ሰዓት አድርገው።

ከዚህ ወዲያ የሆነውን ብታዩ፣ ሰው ለትዳር እንኳ እንዲህ አያጠናም። ተኳሿ በምሳ ዕረፍቷ፣ በአውቶቡስ ውስጥ፣ አባቷ ሲያሸልቡ፣ ብቻ ፋታ ባገኘች ቁጥር ስልኳ ላይ ተደፋች። የድሮ የጠላቂ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች ለካ በየአገሩ አሉ፤ ባሕር ቀርቶ የገንዳ ውሃ ያልነካቸው ሁሉ ስለ አንዲት ብሎን ሲሰዳደቡ ይውላሉ። እሷ ስድቡን እየዘለለች ቁም ነገሩን ለቀመች። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ሲያረጅ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ይላል፤ ፊቱ ላይ ያሉት ነጥቦች ቢጫ ሆነው የሚዞሩት ቆጣሪዎቹ ነጭ ከሆኑ፣ ቆጣሪዎቹ ከሌላ ሰዓት የተነቀሉ ናቸው። ጽሑፉ ከወፈረ ፊቱ እንደገና ተቀብቷል። ጀርባው ከተፋቀ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ። በመስተዋቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት እንደሚዞር፣ ጠላቂው በቀለበቱ ላይ ባለው ምልክት ወደ ላይ የሚነሣበትን ደቂቃ እንደሚይዝም አወቀች። የኋለኞቹ ቀለበቶች ደግሞ የሚዞሩት ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ድንገት ቢነኩ እንኳ ጠላቂውን ቶሎ ያስወጡታል እንጂ አያስቆዩትም። ይህን ስታነብ «እሰይ፣ ያሰበለት ሰው!» አለች ጮክ ብላ፤ አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አያት።

የሥራ ጓደኞቿ «ሀብታም ወዳጅ ይዘሻል መሰል» እያሉ ያሾፉባት ጀመር። «አዎ፣ ሰማንያ ዓመቱ ነው፣ ጥርስም የለው» ትላቸዋለች። አንዱ ሻጭ የላከላትን ፎቶ አጉልታ አየችና ፊቱ የተቀባ ነው ብላ መለሰችለት። «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» ቢላት፣ «የጠላቂ ልጅ ነኝ፤ ሂድና ሌላ ሞኝ ፈልግ» አለችው።

ያገኘችውን ሁሉ መጨረሻ ላይ የምታሳየው ለሰዓት ሠሪው ነበር። ሱቁ ከአንድ ደረጃ ሥር የተወተፈች ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ሰውየው አጉሊ መነጽሩን ከዐይኑ ሳያወልቅ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ አመጣሽልኝ?» ይላታል። ሁለት ሰዓት አመጣች፤ ሁለቱንም መለሰባት። የመጀመሪያው ሆዱ ዝጓል፤ ሁለተኛው ከአምስት ሰዓቶች የተለቃቀመ ነው። ሦስተኛውን ሲከፍት ግን ፎቶውን ተቀበላት። ፎቶውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እንደገና ፎቶውን አየ።

«ይኸውልሽ» አለ። «ፊቱ የራሱ ነው። ቀለበቱ የራሱ ነው። ውሃ አልገባውም። ካልሞላሁት ብለሽ አትጨነቂ፤ ከእጃቸው እንቅስቃሴ ነው የሚበላው። እጃቸው እስከሠራ ይሠራል።»

«እንከን የለውም፣ ጋሼ?»

«አንዲት አለች። ሰከንድ ቆጣሪው ተቀይሯል። የራሱ የነበረው ጫፉ ላይ የምታበራ ነጥብ ነበረችው፤ ይኼኛው ደረቅ ሽቦ ነው። ሰብሳቢ ቢሆን በዚህ ብቻ ይጥለው ነበር።»

«ነጥቧ ለምንድን ነው?»

«ጨለማ ውስጥ ጠላቂው ሰዓቱ አለመቆሙን የሚያውቀው በእሷ ነው። ነጥቧ ስትሄድ ካየ፣ ሰዓቱ በሕይወት አለ ማለት ነው።» አጉሊ መነጽሩን አወለቀና ፈገግ አለ። «አባትሽ እንግዲህ የሚጠልቁት አልጋቸው ውስጥ ነው፣ እህቴ። ለአልጋ ነጥብ ምን ያደርግላቸዋል?»

ሁለቱም ሳቁ። ነጥብ ያለው ቆጣሪ ፈልጎ ማስገባት ወራት ይፈጃል አላት፤ ወሩ ደግሞ እያለቀ ነው። ዋጋውን አትጠይቁኝ። ጆሮዋ ላይ የነበረው ወርቅ ከዚያ ወዲያ አልታየም።

ሰዓቱን ያሰረችላቸው ዕለት ዓሣው አልጮኹም። አንጓቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው አዳመጡ። ቀለበቱን በአውራ ጣታቸው ቀጭ፣ ቀጭ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፤ እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ ልጃቸው አዩዋት። «ከየት አገኘሽው?» አሉ። «አስረክቤያቸው ነበር እኮ።» ተኳሿ ማድ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ድምፅዋ እንዳይሰማ አለቀሰች። ከስንት ጊዜ በኋላ የደስታ ለቅሶ ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓሣው ሥራ ገቡ። ጠዋት ልጃቸው ስትወጣ አብረዋት እስከ ግቢው ይወርዳሉ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የቆሙትን መኪናዎች ሆድ አንገታቸውን ዘንበል እያደረጉ ይመረምራሉ። ሰዓታቸው ሲደርስ ተነሥተው ይወጣሉ። አወጣጣቸው ግን እንደ ሰው አወጣጥ አይደለም። በየማረፊያው ላይ ቀጥ ይላሉ። ቀለበቱን አዙረው ምልክቱን ወደፊት ያለ ደቂቃ ላይ ያደርጉታል፤ ደቂቃ ቆጣሪው ምልክቱ ላይ ካልደረሰ ንቅንቅ የለም።

ተኳሿና ወንድሟ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። ዓሣው የለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቀው ክዳኑን ድንገት እየከፈቱ ያሳዩዋቸው ነበር። «መውረድ ማንም ይወርዳል፤ ድንጋይም ይወርዳል። ሥራው መውጣቱ ላይ ነው» ይሏቸዋል፣ አረፋው ወለሉ ላይ እየፈሰሰ። «ከጥልቅ በችኮላ የወጣ ሰው ደሙ እንዲህ ነው የሚሆነው። ትንሽ ወጣ ብለህ ትቆማለህ፣ ትንሽ ወጣ ብለህ ትቆማለህ። ከሁሉም የሚረዝመው የመጨረሻው ነው። ጀልባዋ ከላይህ ትታይሃለች፤ እጅህን ብትዘረጋ የምትነካት ይመስልሃል። እዚያ ላይ ያልታገሠ ነው የሚሞተው።» እናታቸው ወለሉን እየወለወለች «አንተን ያገባሁ እኔ ነኝ የታገሥኩ» ትል ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ አዝናላቸው እጃቸውን ይዛ ልታወጣቸው ሞከረች። ዓሣው መደገፊያውን አንቀው «ገደለችኝ! ጊዜዬ አልደረሰም!» ብለው ፎቁን አናወጡት። ተኳሿ ያን ቀን በየበሩ ዞራ ለመነች። «ደረጃ ላይ ቆመው ብታዩዋቸው አትንኩብኝ፣ አታስቸኩሉብኝ። ሰዓታቸው ይነግራቸዋል፤ ራሳቸው ይወጣሉ።» ጎረቤቱም እሺ አላት። እየቆየ ሰዉ ለመደው፤ የሚያልፍ ሁሉ «ዓሣው፣ ስንት ቀረዎት?» ይላል፣ እሳቸውም ሰዓታቸውን አይተው «ሦስት» ወይም «ሁለት» ይላሉ። አራተኛ ፎቅ ሲደርሱ በሩን ገፋ አድርገው «ወጣሁ!» ይላሉ፣ ቤት ውስጥ ማንም ባይኖር። ከዚያ ተከድኖ የሚጠብቃቸውን ምሳ ይበላሉ።

ወሩ ሲያልቅ ወንድሟ የመጦሪያውን ነገር ሊቆርጥ መጣና አባቱን ደረጃ ላይ አገኛቸው። ጠራቸው፤ በጣታቸው ዝም አሰኙት። ከኋላቸው ሆኖ ተከተለ። ሲቆሙ ቆመ፣ ሲወጡ ወጣ። ያ ተቀምጦ የሚቸኩለው ሰውዬ! ላይ ሲደርሱ ዓሣው ትከሻውን መታ መታ አደረጉና «ጎበዝ፤ አልቸኮልክም» አሉት። ወንድሟ ወደ እህቱ ሲዞር ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይቅር» አለ። «የትም አይሄዱም። እዚሁ ቤታቸው ይሙቱ።»

ሚስቱም ቅንድቧ ድኖ መምጣቷን ተወች፤ መጥታስ ምን ትሠራለች? ሁለት ወር እንዲህ አለፈ። ተኳሿ ቀልዷ ተመለሰላት። በዕረፍት ቀኗ አጠገባቸው ተቀምጣ «አባዬ፣ ባሕር ሥር ምን አለ?» ስትላቸው፣ አሰብ አድርገው «ጭቃ» ይሏታል። «ጭቃና የሰው ጫማ።» ይስቃሉ፣ ትስቃለች። እንዲያ ያለ ጊዜ ነበር፤ አይካድም።

ብርዱ ሲገባ ዓሣው ጉንፋን ያዛቸውና ሦስት ቀን ተኙ። ልጃቸው ከሥራ ቀርታ አስታመመቻቸው። ላባቸውን ስትጠርግ ሰዓቱን ፈትታ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣው ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ራሳቸው ተነሥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና አንጓቸውን አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አይታ ወደ መደርደሪያው ሮጠች። ሰዓቱ ቆሟል። ወዝወዝ አደረገችው፤ ሄደ። ከስልኳ ጋር አስተካክላ አሰረችላቸው። አውቶቡሱ ሊያመልጣት ነው፣ አለቃዋ አኩርፏል። ግንባራቸውን ዳሰሰች፤ ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ሹራብ ደረበችላቸው።

«ዛሬ እንኳ አትውረድ፣ አባዬ። ሰማዩ ጠቁሯል።»

«ሥራ አለ።»

«እሺ፣ ብዙ አትቆይ እንግዲህ።»

«እኔ ነኝ እንዴ የምቆየው? ሰዓቱ ነው» አሉና ሳቁባት።

ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ዋለ። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ልብስ ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ዛሬስ አባትሽ ደረጃው ላይ ቆዩ» አለቻት። «ረፋዱ ላይ ሳልፍ 'ስንት ቀረዎት' ብላቸው 'አራት' አሉኝ። ከቀትር በኋላ ክር ልገዛ ስወጣም እዚያው ናቸው፤ 'ስንት ቀረዎት' ብላቸው አሁንም 'አራት' አሉኝ። 'ብርድ ነው፣ እንግባ' ብላቸው እጃቸውን ሳያነሡ ሰዓታቸውን በአገጫቸው አሳዩኝ። ሻይ ላምጣ ስላቸው 'ውሃ ውስጥ ማን ሻይ ይጠጣል' ብለው ሳቁብኝ። አንቺም አትንኩ ብለሻል፣ እኔም ደንበኛ መጣብኝና…»

ተኳሿ ቦርሳዋን ጥላ ሮጠች።

ዓሣው ከሦስተኛው ፎቅ በላይ፣ ከገዛ በራቸው በታች ባለው የመጨረሻው ማረፊያ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። የጣሪያውን በር ንፋስ ሲያማታው ውሎ ዝናቡ ደረጃውን አርሶታል፤ ሹራባቸው ውሃ ጠጥቷል። ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ሰዓቱ ወደ ፊታቸው። «አባዬ» አለች። ጉንጫቸውን ነካች። እንደ ደረጃው ቀዝቅዘዋል። «አባዬ! አባዬ!» በራቸው እኮ ይታያል። እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኩት ይመስላል።

ከዚያ ሰዓቱን አየች። ረፋዱ ላይ ቆሟል። ደቂቃ ቆጣሪው ምልክቱ ላይ ሊደርስ አራት ደቂቃ ቀርቶታል። ሦስት ቀን ሳይበላ ከርሞ፣ ጠዋት የበላው ያቺኑ ውዝወዛና የደረጃውን መንገድ ነው። እሳቸውም እንደ ጥሩ ጠላቂ እጃቸውን ሳያነቃንቁ ተቀመጡ፤ እሱም ምግብ አጣና ቆመ። መቆሙን በምን ይወቁት? ደረጃው ጨለማ ነው፣ ዐይናቸው ደክሟል፣ ሰከንድ ቆጣሪው ደረቅ ሽቦ ነው። የምትሄድ ነጥብ የለችም። ፊቱን አጥንታ፣ ቀለሙን አጥንታ፣ ቀለበቱን አጥንታ፣ ይህችን አንዲት ነገር ሰምታ ስቃ ያለፈቻት እሷ ናት። «ለአልጋ ነጥብ ምን ያደርግላቸዋል?» የሰዓት ሠሪው ድምፅ አይደለም ጆሮዋ ላይ የጮኸው፤ የገዛ ሳቋ ነው።

«እኔ ነኝ!» አለች፤ ደረቷን መታች። «እኔ ነኝ ያቆምኩህ፣ አባዬ! ጊዜህ እኮ ደርሶ ነበር! ከጠዋት ጀምሮ ደርሶ ነበር!»

ልብስ ሰፊዋ ከኋላዋ መጥታ ጮኸች፤ በሮች ተከፈቱ። ወንድሟ ተደውሎለት እየበረረ ደረሰ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጥቶ፣ አባቱን አየና አጠገባቸው ተቀመጠ። ከዚያ ፊቱን በእጅጌው ጠረገና «እዚህ እርጥብ ላይ አይቆዩም፤ ቤት እናግባቸው» አለ። ክንዱን ከሥራቸው አስገብቶ ብድግ ሲያደርጋቸው ግራ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተወዛወዘ።

ሰዓቱ ሄደ።

«ቁም!» አለች ተኳሿ።

«ምን ሆንሽ?»

«አስቀምጣቸው። አራት ደቂቃ ቀርቷቸዋል።»

አብዳለች ብሎ አያት። ከዚያ ሰዓቱን አየ፤ ሽቦው ክቡን እየዞረ ነው። እርጥቡ ደረጃ ላይ አባቱን እንደታቀፈ ተቀመጠ። እሷ ፊታቸው ተንበርክካ ግራ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንደገና እንዳይቆም ቀስ እያደረገች ታወዛውዘው ጀመር። ልብስ ሰፊዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከትታ ታለቅሳለች። የጣሪያው በር ይማታል። ማንም እንሂድ አላለም፤ ወንድሟ እንኳ አልቸኮለም።

ደቂቃ ቆጣሪው ምልክቱ ላይ ደረሰ።

«ደረሰ፣ አባዬ» አለች። «ውጣ በቃ።»

ወንድሟ አባቱን ይዞ ተነሣ፤ የቀሩትን ደረጃዎች አንድ በአንድ ወጣ። በሩን እሷ ገፋችለት። ምሳቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተከደነ ነበር።